የአቶ ይስሐቅ ግማሽ

ድልድዩን የጣለችው ረድኤት ናት። ጎርፍ አልወሰደውም፤ ሐረጉም በራሱ ጊዜ አልተበጠሰም። ጠብቂ ስትባል ያልጠበቀችው እሷ ናት፤ አንድ በአንድና ባዶ እጃቸውን መሻገር የነበረባቸውን ሰዎች ሁለት ሁለት አድርጋ ከነሻንጣቸው ያሳለፈችውም እሷው ናት። በቡና ጎጆው ውስጥ ከታጎሩት አራት ሰዎች መካከል ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጎደሬ የሚልጡት አቶ ይስሐቅም ያውቃሉ፤ ግን እስካሁን ምንም አልተናገሩም።

ረድኤት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ሚዛን ተፈሪ፣ የተማረችው ቱሪዝም ነው። የምትሠራው «ጫካና ገደል» በሚባል አስጎብኚ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራዋም ቢሮ የሰለቻቸውን የአዲስ አበባ ሰዎች ተቀብላ ወደ ፏፏቴ፣ ወደ ገደልና ወደ ወንዝ መውሰድ፣ ከዚያም በጭቃ ተለውሰው፣ ግን ደስ ብሏቸው መመለስ ነው። የድርጅቱ ባለቤት አቶ በዛብህ የአክስቷ ባል ናቸው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእሳቸው ግቢ ኖራለች። «ጋሼ» ትላቸዋለች። በመስከረም ቴፒ ላይ የሚከፈተውን ቅርንጫፍ እንድትመራ ቃል ገብተውላታል፤ ቴፒ ማለት ለእሷ ከዚያ ግቢ መውጣት ማለት ነው።

ጉዞው እንዲህ ነበር የታቀደው። ከቴፒ ወደ ማሻ አቅጣጫ በመኪና ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር ግማሽ ቀን፣ ከዚያ የዱማን ወንዝ በሐረግ ድልድይ ተሻግሮ ከገደሉ ሥር ያለውን ፏፏቴ ማየት፣ ሁለት ሌሊት በድንኳን አድሮ መመለስ። ማስታወቂያውን የጻፈችው ራሷ ናት። «ስልክ የማይደርስበት፣ ሰው ያልረገጠው ዱር» ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ከአቶ ይስሐቅ የቡና ማድረቂያ አልጋ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ስልክ ይሠራለታል፤ ጎጆአቸው ውስጥም አልፎ አልፎ ይይዛል። ሰውም ረግጦታል፤ ቀፎ ሰቅሎበታል፣ ኮረሪማ ለቅሞበታል፣ ሞቶ ተቀብሮበታል።

ድልድዩን የሚሠሩት የሁለቱ ዳር ሰዎች ናቸው፤ ግማሹን እነዚህ፣ ግማሹን እነዚያ። በየዓመቱ ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሐረግ ከጫካ ይቆረጣል፣ ይነከራል፣ ይቀጠቀጣል፣ ሦስት ሦስት እየሆነ ይገመዳል። እያንዳንዱ ዳር የራሱን ግማሽ ከራሱ ትልቅ ዛፍ ላይ አስሮ ወደ ወንዙ መሀል ይመጣል። መሀል ላይ የሁለቱ ዳር ሽማግሌዎች ተገናኝተው የመጨረሻውን ሐረግ አብረው ይቋጥራሉ። እስኪቋጠር ድረስ መሻገር ግድ የሆነበት ሰው ብቻውን፣ ምንም ሳይዝ ይሻገራል። ረድኤት ይህን ታውቃለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ ሁለት ገጽ ሰጥታዋለች።

ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ለአቶ ይስሐቅ ደውላ ነበር።

«ድልድዩ ተቋጠረ፣ አቶ ይስሐቅ?»

«ማዶዎቹ ጨርሰዋል። የኛ ግማሽ አልተሠራም።»

«ለምን?»

«ወንድሜ ሞተ። ሐዘን ላይ ያለ ቤት ሐረግ አይቆርጥም። ሰባት ቀን ነው። ሁለቱ አለፈ። አምስት ቀን ጠብቂ።»

«ነፍስ ይማር» አለች ረድኤት። ቀጥላም «ግን የአምናው አለ አይደል? አሁን ሰው አይሄድበትም?» ብላ ጠየቀች።

«ይሄዳል። አንድ አንድ ሰው። ባዶ እጁን። አንቺ ደግሞ ባዶ እጅሽን መጥተሽ አታውቂም።»

ጉዞው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። አንዴ ዝናብ ነው ተባለ፣ አንዴ መንገድ ተቆርጧል ተባለ። ረድኤት መጠበቅ አትወድም። እሷ እንደምታየው በዚህ አገር ግማሹ ሰው የሚኖረው ሌላው ግማሽ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው። ዓመት ሙሉ ሰው የተሸከመ ሐረግ አንድ ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል? ለጋሼ በዛብህ አጭር አድርጋ ነገረቻቸው፤ «ድልድዩ አለ፣ እንሄዳለን።»

ተጓዦቹ ሦስት ነበሩ። ጋሽ በላይነህ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው፤ ያዩትን ሁሉ በዓይናቸው ይለካሉ። ሰርካዲስ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ጠበቃ ናት፤ አዲሱ ቦቲዋ ተረከዟን ልጦት ከመነሻው ጀምሮ ብታነክስም አንድም ጊዜ አላማረረችም። ከድር ወልቂጤ ያደገ ፎቶ አንሺ ነው፤ ግዙፍ፣ ቀልደኛ፣ የሁለት ሰው ዕቃ የሚሸከም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሯል። ዱማ ቡናማ ሆኖ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ረድኤት ከሌሎቹ ቀድማ ወደ ድልድዩ ስትጠጋ፣ ከዛፉ ሥር እንጨት የምታስር አንዲት ሴት ቀና ብላ አየቻትና አንድ ጣቷን አነሳች።

«አንድ አንድ» አለች። «ዕቃ የለም።»

«ዕቃውስ በምን ይሻገራል?» አለች ረድኤት።

ሴትየዋ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ እንጨቷ ተመለሰች። ዕቃው እሷን አይመለከታትም።

አንድ በአንድ ተሻግሮ ዕቃውን በኋላ በገመድ እየጎተቱ ማሳለፍ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ዝናቡ ደግሞ ሩብ ሰዓትም የሚታገሥ አይመስልም። ረድኤት ወሰነች። ጋሽ በላይነህና ሰርካዲስ ከነቦርሳቸው አብረው ገቡ። ድልድዩ ተንቋቋ፣ ተወዛወዘ፣ አሳለፋቸው። ቀጥሎ እሷ ከፊት፣ ከድር ከኋላ ሆነው ገቡ። እሷ ድንኳኑን አዝላለች፤ እሱ ካሜራውን፣ የካሜራውን መቆሚያና የምግቡን ሻንጣ።

ማዶ አፈሩን ረገጠች። ከድር ሦስት እርምጃ ቀርቶት ነበር። ዛፉ ላይ የተጠመጠመው አሮጌ ሐረግ እንደ ጨርቅ ቀስ ብሎ ተተረተረ። ድምፁ ትንሽ ነበር። ከድር ወንዙ ውስጥ አልገባም፤ ዳር ካሉት ድንጋዮች ላይ ወደቀና ግራ ቅልጥሙ ተሰበረ። የተበጠሰው የድልድዩ ግማሽ ውሃው ውስጥ ገብቶ እንደ ጅራት ይወዛወዝ ጀመር።

«ፎቶ ያነሳኝ ሰው አለ?» አለ ከድር፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ከዚያ ራሱን ሳተ።

አቶ ይስሐቅ ከሐዘን ቤቱ መጡ። ራሳቸውን ተላጭተዋል። መጀመሪያ ከድርን አዩ፤ ቀጥሎ ዛፉን፤ ቀጥሎ መሬት ላይ የተከመረውን ሻንጣ። ረድኤትን ያዩዋት በመጨረሻ ነው። ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ከድርን ተሸክመው ቡና ጎጆአቸው ውስጥ አስገቡት።

ጎጆው አንድ ክፍል ነው። የቆርቆሮ ጣሪያና የጣውላ በር አለው፤ መስኮት የለውም። ግማሹን የደረቀ ቡና የሞላው ጆንያ ይዞታል፤ በቀረው ላይ አራት ሰው ተኛበት፣ ተቀመጠበት፣ ተኮራረፈበት። አንዱ እግሩን ሊዘረጋ ሲፈልግ ሌላው ማጠፍ ነበረበት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ለመደማመጥ መጮኽ ያስፈልግ ነበር፤ ሲያባራ ደግሞ የከድር ትንፋሽ ይሰማል። ጋሽ በላይነህ የካሜራውን መቆሚያ እግሮች ነቅለው በሰርካዲስ ሻርፕ የልጁን ቅልጥም አሰሩለት።

«ጀርመን አገር የተሠራ መቆሚያ ነው» አለ ከድር። «በክብር ያዙት።»

«አንተን ካቆመ እናከብረዋለን» አሉት ጋሽ በላይነህ።

መውጫ አልነበረም። ከፊት ወንዙ፣ ከኋላ ገደሉ አለ። ከገደሉ ጎን ወደ ማሻ የሚወጣው የእግር መንገድ የሁለት ቀን ነው፤ መሀሉን ደግሞ በዝናብ ጊዜ ማንም የማይሻገረው ሌላ ወንዝ ይቆርጠዋል። እዚያ ድረስ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ የሚሄድ የለም።

ረድኤት ከማድረቂያው አልጋ ጫፍ ላይ ቆማ ደወለች።

«ጋሼ፣ ድልድዩ ወደቀ። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሯል። ማዶ ቀርተናል።»

«የሞተ አለ?»

«የለም።»

«ተመስገን። እንዴት ወደቀ?»

እዚህ ላይ መናገር ትችል ነበር።

«ሐረጉ ተበጠሰ።»

«አርጅቶ ነዋ። እነዚህ ሰዎች እስኪወድቅ ነው የሚጠብቁት።»

«አዎ» አለች። «አርጅቶ ነው።»

«በቃ አንቺ አትጨነቂ። ዛሬውኑ ለወረዳው እጽፋለሁ። ድልድዩ አርጅቶ እንደነበረ፣ ለእኛ ግን የነገረን እንደሌለ። ነገ ሰውና ገመድ ይዤ እመጣለሁ።»

በማግስቱ አልመጡም። ከቴፒ በላይ መንገዱን ጭቃ ውጦት መኪናቸው ተይዟል። ዓርብ ዕለትም «ነገ» አሉ። ቅዳሜ ጠዋትም «ነገ» አሉ። ረድኤት ለተጓዦቹ የነገረቻቸው ለጋሼ የነገረችውን ነው። ውሸቱ አንዴ ከወጣ በኋላ መድገሙ አላስቸገራትም።

ዓርብ ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ በላይነህ ወጥተው ዛፉ ላይ የቀረውን የሐረግ ጫፍ ሲመረምሩ ቆዩ። ሲመለሱ ሌሎቹን አቶ ይስሐቅ ያመጡላቸውን የተቀቀለ ጎደሬ በማር ሲበሉ አገኟቸው።

«ረድኤት» አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ። «የማዶው ግማሽ አዲስ ነው፤ የዚህኛው አሮጌ። ግማሹ ታድሶ ግማሹ የተተወ ድልድይ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ምክንያት አለው?»

«ሰው ሞቶባቸው ነው።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

ሰርካዲስ ከጆንያው ላይ ቀና አለች። ረድኤት ትልቅ የጎደሬ ቁራጭ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። አፉ የሞላ ሰው አይመልስም። ጋሽ በላይነህ እስክትውጥ ጠበቁ፤ ስትውጥ ሌላ ቁራጭ አነሳች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቋትም፤ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ ሐረጉ ጫፍ ሲያጠኗት ዋሉ።

ቅዳሜ ሐዘኑ አበቃ። ረድኤት ጎህ ሲቀድ ተነስታ የቆንጨራ ድምፅ ስትጠብቅ ነበር። ፀሐይ ወጣች፤ ማንም ወደ ጫካ አልገባም። ሰዎቹ ቡናቸውን ያገላብጣሉ፣ አጥራቸውን ይጠግናሉ። ትዕግሥቷ አለቀና ደጃፉ ላይ ወደተቀመጡት አቶ ይስሐቅ ሄደች።

«ሰባት ቀኑ ዛሬ አልሞላም?»

«ሞላ።»

«ታዲያ ለምን አትጀምሩም? የልጁ እግር እኮ እያበጠ ነው።»

አቶ ይስሐቅ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። አማርኛ ያወቁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከገበያ ነው፤ አጭር አጭር አድርገው ይናገራሉ።

«ድልድይ ሲወድቅ መጀመሪያ የጣለው ሰው ይታወቃል። ከዚያ ይሠራል።»

«ባይታወቅስ?»

«ባይታወቅ የጣለው ያሰረው ነው።»

«ይሄን ያሰረው ማን ነው?»

«ወንድሜ።»

አቶ ይስሐቅ የጎደሬውን ልጣጭ በእግራቸው ሰበሰቡ።

«ማዶዎቹ እየጠየቁ ነው» አሉ። «ከተማ ሐረጉ አርጅቶ ነው ተብሎ ተጽፏል አሉ። አርጅቶ ነው ከተባለ ወንድሜ መጥፎ አሰረ ማለት ነው። ሐረጉ የዓመት ሐረግ ነው። ለዓመቱ በቂ ነበር።»

«እርስዎ ያውቃሉ። ያቺ እንጨት የምታስረው ሴትም አይታለች። ለምን እናንተ አትናገሩም?»

«እኔ ብናገር ወንድሙን ሊያወጣ ነው ይላሉ። ሴትየዋ ብትናገር ምስክር ናት። የጣለው ራሱ ሲናገር ነው የሚያልቀው።»

«ከተናገረስ ምን ይደረጋል?»

«ምንም። አብሮ ይሠራል። ሲያልቅ መጀመሪያ እሱ ይሻገራል፣ ሸክም ይዞ። እሱን ካሳለፈ ሁሉንም ያሳልፋል።»

ረድኤት ያን ቀን ከጎጆው እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ጎጆው ስትመላለስ ዋለች። ስንት እርምጃ እንደሆነ ሳትፈልግ አወቀችው፤ መቶ አሥራ አራት። ከዚያ በላይ የምትሄድበት አልነበራትም። ብትናገር ጋሼ በዛብህ በፊርማና በማኅተም ያስገቡት ደብዳቤ የእሷን ውሸት ይዞ ይቀራል፤ ቴፒም ይቀራል። ባትናገር ስሙን እንኳ የማታውቀው የሞተ ሰው ይሸከምላታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ሐረግ ዓይኗ ላይ አለ። ወንዝና ገደል የምታስጎበኘው ረድኤት ዋና አትችልም። ይህንንም ለማንም ነግራ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከድር ጠራት።

«የግራ እግሬን ጣቶች ያዢልኝ እስቲ።»

ያዘቻቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ።

«ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«እየቀለድሽ እንዳይሆን» አለ ከድር። «አይሰማኝም።»

ሰርካዲስና ጋሽ በላይነህ ተያዩ። ረድኤት ከጆንያው ጥግ ተቀመጠችና የስልክ ጥሪውን፣ ጠብቂ መባሏን፣ የሴትየዋን ጣት፣ ለጋሼ ያለችውን፣ አቶ ይስሐቅ ያሏትን፣ ሁሉንም በተራ ነገረቻቸው። ድምፅዋ የጉዞ መርሐ ግብር የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

«ልትሰድበኝ ትችላለህ» አለችው ከድርን።

«ስድን እሰድብሻለሁ። አሁን አቅም የለኝም።»

«እንደ ጠበቃ ልንገርሽ?» አለች ሰርካዲስ። «ወንዝ ዳር ቆመሽ ሕዝብ ፊት ጥፋተኛ ነኝ አትበዪ። አንዴ ካወጣሽው አትመልሽውም። ወረዳው ሊከስሽ ይችላል፣ አለቃሽ ሊያባርርሽ ይችላል፣ እኔ ራሴ ልከስሽ እችላለሁ።»

«እንደ ሰውስ?»

«እንደ ሰው ከዚህ ጆንያ ላይ ወርጄ አልጋዬ ላይ መተኛት ነው የምፈልገው።»

ጋሽ በላይነህ ቆርቆሮውን ቀና ብለው እያዩ «መጀመሪያ የሚሻገረው ባለጥፋቱ ነው፣ ሸክም ይዞ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ብልህ ሰዎች ናቸው። በኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ቢሆን ኖሮ ስንት ድልድይ በቆመ።»

ሳይመሽ ረድኤት ወንዙ ዳር ቆመች። አቶ ይስሐቅ ተጣርተው ማዶ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበዋል። ያቺ እንጨት የምታስረው ሴትም አለች። ረድኤት እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ ጮኸች።

«ድልድዩን የጣልኩት እኔ ነኝ። አቶ ይስሐቅ ጠብቂ ብለውኝ ነበር። አልጠበቅኩም። ሁለት ሁለት ሆነን ከነዕቃችን ተሻገርን።»

ሴትየዋ ለማዶዎቹ በቋንቋቸው ተረጎመችላቸው። አንድ ሽማግሌ የሆነ ነገር አሉ፤ ሴትየዋ መልሳ በአማርኛ ጮኸች።

«ያሰረውስ?»

«ያሰረው ጥፋት የለበትም።»

«በስሙ ጥሪው።»

ረድኤት ዞር አለች። ሦስት ቀን የሐዘን ቤት ምግብ በልታለች፤ የሞተው ማን ይባላል ብላ አልጠየቀችም። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች።

«ስማቸው ማን ነበር?» አለች ዝቅ ብላ።

«ይትባረክ» አሉ አቶ ይስሐቅ።

«ይትባረክ ጥፋት የለበትም» ብላ ጮኸች። ውሃው ግማሹን ስለወሰደው ሴትየዋ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ረድኤት ስሙን ደገመችው፣ ሠለሰችው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቆጣ የለም፤ ያጨበጨበም የለም። ሰዎቹ ተበተኑ። ወደ ጎጆው ስትመለስ ከጀርባዋ ጫካው ውስጥ ቆንጨራ መጮኽ ጀምሮ ነበር።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ሐረጉ እርጥብ ሲሆን ይከብዳል፣ ሲቀጠቀጥ ጭማቂው እጅ ይልጣል። የእሁድ ዕለት የረድኤት መዳፍ ውሃ ቋጠረ፤ ሰኞ ፈረጠ። ያስቀመጧት ከማድረቂያው አልጋ ጎን፣ ከይትባረክ ሚስት አጠገብ ነበር። ሴትየዋ ረድኤት የገመደችውን እያንዳንዱን ክንድ ተቀብላ ትመለከታለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትገምደዋለች። ግማሽ ቀን እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ አንዱን ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

«ይሄ ሹሩባ ነው» አለች። «ድልድይ ሥሪ።»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ረድኤትም ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንደገና ገመደችው። ሴትየዋ እንደገና ፈታችው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዱን ክንድ ሳትፈታ ወደ ጎን አስቀመጠችው፣ ያለ አስተያየት፣ ከሌሎቹ ጋር።

የጋሼ ስልክ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ወረዳው ጠርቶኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ተሰባብሯል። «የጻፍኩትን ደብዳቤ ፊቴ ላይ አስቀምጠው ልጅህ ሌላ ነው የምትለው አሉኝ። ልጅህ ነው ያሉኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ጠብቂ መባልሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሂጂ አይሉኝም ነበራ።»

ከጋሼ ኋላ የመኪና ሞተር ይሰማል።

«ቴፒን እርሺው።»

«እሺ።»

«ሌላው ሌላ ነው። አሁን ስሚኝ። አክስትሽ እህል አልቀመሰችም። መንገዱ ተከፍቷል፤ ነገ ረፋድ ላይ ገመድና ዋናተኛ ይዤ እደርሳለሁ። ያ ሐረግ ላይ እንዳትወጪ። እኔ አሳድጌሽ ወንዝ አይወስድሽም። ቃል ግቢልኝ።»

«ጋሼ፣ ነገ ሲሉኝ ስድስተኛ ጊዜዎ ነው» አለች። ቃል አልገባችም። ስልኩ በራሱ ተቋረጠ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ አቶ ይስሐቅና የማዶው ሽማግሌ ከየዳራቸው ባዶ እጃቸውን ገብተው መሀል ላይ ተገናኙ፤ የመጨረሻውን ሐረግ ቋጥረው ወደየዳራቸው ተመለሱ። ረድኤት ከጎጆው ሆና በበሩ ክፍተት አየቻቸው። ወንዙ ከሐሙስም በላይ ሞልቷል።

ከድር ከቀርከሃ በተሠራ ቃሬዛ ላይ ተኝቷል። ሌሊቱን ሲቃዥ አድሯል፤ አሁን ነቅቷል፣ ግን መቀለድ ትቷል። ጣቶቹ ወደ ሰማያዊ ሄደዋል። ጋሽ በላይነህ ማታ ብርሃን እያለ ድልድዩን እስከ ዛፉ ድረስ አይተውት ነበር።

«ይይዛል?» አለቻቸው።

«ብረት ቢሆን በቁጥር እነግርሽ ነበር።»

«ሐረግ ነው።»

«ሐረግ ከሆነ እነሱን ጠይቂ። እኔ የማውቀው አራት ሰው ከድርን ተሸክሞ እንዲያልፍ ከተፈለገ አንድ ሰው ቀድሞ በሸክም መሄድ እንዳለበት ነው። ከአንቺ በፊት እኔ ልሂድ ብላቸው አልቀበል አሉኝ። ጥፋት የለብህም አሉኝ።» ትንሽ ቆይተው «ኪሎዬም ከብዷቸው ይሆናል» አሉ።

አቶ ይስሐቅ ደጃፉ ላይ ብቅ አሉ። ግማሽ ጆንያ ቡና በሐረግ ማንገቻ አስረው ይዘዋል። መሬት ላይ አስቀመጡትና ማንገቻውን በእጃቸው ጎትተው ሞከሩት።

«ፍጠኚ ያለሽ የለም» አሉ። «መሀል ላይ አትቁሚ። ወደ ታች አትዪ። እጅሽ አንዱን ሳይይዝ ሌላውን አይልቀቅ።»

«ብወድቅስ?»

«ብትወድቂ ጆንያውን ቀድመሽ ልቀቂ» አሉና ወደ ወንዙ ወረዱ።

ረድኤት ተንበርክካ ጀርባዋን ለጆንያው ሰጠች። ሰርካዲስ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ አስነሳቻት። ከባድ ነበር፤ ከጠበቀችው በላይ ከባድ።

መሬት ላይ የተቀመጠው ስልክ ነዘረ። ጋሼ ናቸው።

«ረፋድ ላይ እደርሳለሁ ብለዋል አይደል?» አለች ሰርካዲስ። «መጠበቅ ይቻላል። ሕጋዊ ምክር አይደለም ይሄ። ይቻላል እያልኩሽ ነው።»

ረድኤት የከድርን እግር አየች።

«አንሺውና አነጋግሪያቸው።»

«ምን ልበላቸው?»

«ወጥታለች በያቸው።»

በሩን ስትከፍተው ነፋሱ ዝናቡን ቀጥታ ቃሬዛው ላይ ረጨው። ከድር ፊቱን አዞረ። ረድኤት ከነጆንያው ጎንበስ ብላ በጠባቡ ደጃፍ ወጣች፣ አንድ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጣውላውን ያዘችና በሩን ጎትታ ዘጋችው።